ያልበራችው ቀይ መብራት

ብዙዎቻችን በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ የባትሪ ምልክት የምንፈራት ስትበራ ነው። እኛ ቤት ግን ያስቸገረችን ባለመብራቷ ነበር።

መኪናችን ናፍጣ የምትጠጣ አሮጌ ማርቸዲስ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ይመረት የነበረው ደብልዩ 123 የሚባለው ዓይነት። ጧት ጧት ባትሪዋ እየሞተ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ የጎረቤት መኪና እየለመንን በገመድ ማስነሳት ልማድ ሆነብን። እንዲህ ያለው የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ስለሚሠራ፣ መንገድ ላይ የሚያስጠረጥር ነገር አላየንም። ያማከርነው ሠራተኛ ምንም ሳይለካ «ዲናሞው ሞቷል፤ ሙሉውን ቀይሩ» አለን። የጠራው ዋጋ የሁለት ወር አስቤዛችን ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ራሳችን እንየው ብለን ተማከርን።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓይነት መኪና ይህች አምፖል ጠቋሚ ብቻ አይደለችም። ቁልፍ ሲከፈት ከባትሪ የሚነሳ ጥቂት ኤሌክትሪክ በእርሷ አልፎ በቀጭን ሽቦ ወደ ዲናሞው ይገባና የውስጡን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር በአምፖሏ ሁለት ጫፍ ያለው ቮልት እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች። እንግዲህ አምፖሏ ከተቃጠለች ጤነኛው ዲናሞ ቀስቃሽ ያጣል ማለት ነው። አንዳንዴ ሞተሩ በኃይል ሲዞር በውስጡ በቀረችው ትንሽ ማግኔት በራሱ ይነሳል። ሰውን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ ረጅም መንገድ የሄደች መኪና ባትሪዋን ሞልታ ትመለሳለች፣ ከተማ ስትውል ግን ትሞታለች።

ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ከፈትን። የእጅ ፍሬን መብራት በራ፤ የባትሪዋ ጨለማ ነው። ቁልፉን ዘግተን ከዲናሞው ጀርባ ሶኬቱን ነቀልን፤ እንደገና ከፍተን የሰማያዊውን ቀጭን ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካን። (እዚያው ያሉት ወፍራም ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪ የመጡ ስለሆኑ ብረት ከነኩ እሳት ይተፋሉ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ልጆችም ይራቁ።) አምፖሏ በርታ ቢሆን ጥፋቱ ከዲናሞው ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ቀድሞ የሚታየው ካርቦኑ ነው፤ ከመቆጣጠሪያው ጋር በሁለት ብሎን ጀርባው ላይ ስለታሰረ በቀላሉ ይፈታል፣ ከ5 ሚሊሜትር ካጠረም እርሱ ብቻ ይቀየራል።

የእኛዋ አልበራችም። ዳሽቦርዱን ሳብ አድርገን ስናወጣት ክሯ ተበጥሷል። በምትኳ ያንኑ ዋት ያላት አምፖል ገባች። ዘመን አመጣሹ ኤልኢዲ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ዲናሞውን ለመቀስቀስ ያንሳል።

ቁልፍ ሲከፈት በራች፣ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። በባትሪው ላይ ስንለካም ከ12 ቮልት ወደ 14 ገደማ ወጣ። ባትሪው ግን ደጋግሞ ባዶ በመቅረቱ ተዳክሞ ስለነበር፣ እርሱን ከወር በኋላ መግዛታችን አልቀረም።