ስለ ሥዕል ጀግኖችና ስለ ሠዓልያቸው

ሰው አዘውትሮ የሚያደንቀውን ነገር ውሎ አድሮ ይመስላል። ስለዚህ ለልጆቻቸው ጠባይ የሚያስቡ ወላጆች፣ ልጆቹ ምን እንደሚያደንቁ ቢመረምሩ የተገባ ነው፤ ነገር ግን መጠየቅ ከመፍረድ መቅደም አለበት። በሆሳዕና ከተማ በአንድ አባትና በልጁ መካከል የሆነው ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ልጁ ከታናሽነቱ ጀምሮ ኮሚክ የሚባለውን፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተረከውን የታሪክ መጽሐፍ ይወድ ነበር። ወረቀት ሲያጣ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ይሥልበታል። በክረምት ዝናብ ቪዲዮ ቤት ገብቶ፣ በአግዳሚው ላይ ተጣብቦ ተቀምጦ፣ ልዕለ ኃያላን የሚባሉትን ጀግኖች ፊልም አይቶ ሲመለስ፣ ያየውን ሳይረሳው በእርሳስ ያሰፍረዋል። ጓደኞቹ ከጀግኖቹ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ሲከራከሩ፣ እርሱ ግን «ይህን አስቀድሞ የሣለው ማን ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከዓመታት በኋላም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ፣ በአልጋው ሥር ያለው ሣጥን በሥዕል ሞልቶ ነበር።

አባቱ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍተው በሰማይ የሚበርረውን፣ ተራራ የሚያነሣውን፣ እሳት የማያቃጥለውን ሰው ሥዕል ባዩ ጊዜ ልባቸው ደነገጠ። ልጁንም ጠርተው «ልጄ፣ አዳኝ አንድ ነው፤ አንተ ግን ሌሎች አዳኞች በሣጥን ሰብስበሃል። እስቲ ንገረኝ፤ ይህ የምታደንቀው ሰው የማንን ሸክም ተሸከመ?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ። አባትየውም ሣጥኑን ወስደው ቈለፉበት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ገበታ ቆጮ እየቈረሱ፣ ብዙ ቀን ያለ ጨዋታ ሰነበቱ።

ልጁ በአባቱ ቢያዝንም ጥያቄውን አልናቀውም፤ ይልቁንም መልሱን ሲፈልግ ቈየ። አንድ ምሽትም ወደ አባቱ ቀርቦ «አባባ፣ ለጥያቄዎ መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል» አለና የሚከተለውን ታሪክ ነገራቸው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሱፐርማን የሚባለው ጀግና በ1938 ዓ.ም. ታትሞ ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ የፈጠሩት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የሚኖሩ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች፣ ደራሲው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ናቸው። የሲገል አባት በ1932 ዓ.ም. ሌቦች ወደ ሱቁ በገቡበት ሰዓት ወድቆ ሞቷል፤ ጥይት የማይበሳው ጀግና የተፀነሰው ከዚህ ኀዘን ነው የሚሉ አሉ። ሹስተርም ወረቀት መግዣ ስላልነበረው በዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። እነዚህ ሁለት ወጣቶች የድካማቸውን ፍሬ ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡት። ጀግናው ዓለምን ሲዞር፣ በመጽሐፍና በፊልም ብዙ ገንዘብ ሲያስገኝ፣ ፈጣሪዎቹ በድኽነት አረጁ፤ የሠዓሊው ዐይንም ደከመ፤ ስማቸው እንኳ ከሥራቸው ላይ ተነሥቶ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ግን ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሌሎች የኮሚክ ሠዓልያን ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሡ። ነገሩ የራሳቸው ጉዳይ ሳይሆን፣ የራሳቸውን ሥራ አቋርጠው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተከራከሩላቸው። በመጨረሻም ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20,000 ዶላር እንዲከፈላቸው፣ ስማቸውም እንዲመለስ ተደረገ፤ በ1978 ዓ.ም. ሱፐርማን ትልቅ ፊልም ሆኖ ሲወጣ፣ የፈጣሪዎቹ ስም በሸራው ላይ ተጽፎ ታየ።

ልጁም «አባባ፣ የሚበርረው ሰው የማንንም ሸክም አልተሸከመም፤ ወረቀት ነውና። ሸክም የተሸከሙት እነዚያ ሠዓልያን ናቸው። እኔም የማደንቀው እጃቸውን ነው» አለ።

አባትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱ። ሥዕሎቹንም አንድ በአንድ እያወጡ «ይህስ ማን ነው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

ልጁ ብላክ ፓንተር የተባለውን አፍሪካዊ ንጉሥ አሳያቸው። ይህን ጀግና በ1966 ዓ.ም. ያወጡት ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ናቸው። በ2018 ዓ.ም. ፊልም ሲሆን፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በከንፈሩ ክብ ጌጥ አድርጎ ይታያል፤ ይህም ከአገራችን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሙርሲና ከሱርማ ሕዝብ ጌጥ የተወሰደ ነው። የፊልሙን አልባሳት ያዘጋጀችው ሩት ካርተር በ2019 ዓ.ም. በዚሁ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት ተቀብላለች። ልጁ ፊልሙን ቢወድም ከመጽሐፉ አያስበልጠውም። ፊልም ድምፅና እንቅስቃሴ ይጨምራል፤ ነገር ግን ተመልካቹን እያጣደፈ ያልፋል። መጽሐፉ ግን ይታገሣል። በአንዱ ሥዕል እጅ ሲነሣ፣ በሚቀጥለው ጠላት ወድቆ ይታያል፤ በመካከል ያለውን ምት አንባቢው በልቡ ይሞላዋል እንጂ ሠዓሊው አልሣለውም።

አባትየው ይህን ሲሰሙ፣ በአዲስ አበባ ያዩትን የንግሥተ ሳባ ሥዕል አስታወሱ። እነ በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓልያን የንግሥቲቱን ጉዞና የቀዳማዊ ምኒልክን ልደት በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፋፍለው ይሥሉት ነበርና፤ «እንግዲያ ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም» አሉ። ልጁም ለትልልቆቹ የአሜሪካ ኮሚክ ቤቶች ልዕለ ኃያላንን ይሥል የነበረው ብራዚላዊው ሰርጂዮ ካሪዬሎ፣ በ2010 ዓ.ም. የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በዚያው ስልት ሥሎ እንዳወጣ በነገራቸው ጊዜ ፊታቸው በራ።

በመጨረሻ ጀምበርን አሳያቸው። ጀምበር በብሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ሲሆን፣ ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነበረ። አባትየው ሥዕሉን አዩ፤ ልጃቸውንም አዩ፤ ስለምን ይህን ገጽ ብዙ ጊዜ ገልብጦ እንደ ሣለው ያን ጊዜ ገባቸው።

ከዚያም «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል። ይህን ሁሉ ከሩቅ ስትሰበስብ፣ በጎረቤታችን በከምባታ የተወለዱትን ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ስለ ምን አልሣልህም?» አሉት። ቦጋለች በልጅነታቸው ውኃ ልትቀዳ ሄደች ሲባል፣ ተሸሽገው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠሩ ናቸው። በውጭ አገር ሳይንስ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ከእኅታቸው ጋራ የከምባታ ሴቶች የሚሰበሰቡበትን ማኅበር አቋቁመው፣ በራሳቸውም ላይ የደረሰውን የሴት ልጅ ግርዛት ለማስቀረት ተነሡ። ሕዝቡ አስቀድሞ ልጆች ወደ ትምህርት፣ ነጋዴ ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ እንደሚያስፈልገው በነገራቸው ጊዜ፣ ድልድዩን አሠሩ፤ ምክሩ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚያስታውቅ ጽሑፍ አንጠልጥላ በሕዝብ ፊት ተዳረች። ዶክተር ቦጋለች በ2013 ዓ.ም. የቤልጅግን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀብለው በ2019 ዓ.ም. ዐረፉ።

በማግሥቱ ልጁ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሳይሆን፣ አባቱ ከገበያ ገዝተው ባመጡለት ነጭ ወረቀት ላይ መሣል ጀመረ። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ልጅ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ ከበስተኋላዋ የሐምበሪቾ ተራራ ይታያል። በሁለተኛው ክፍል እንስራው ከቊጥቋጦ ሥር ተቀምጧል፤ ልጅቱ ግን የለችም። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ሥዕሎች ከተመለከቱ በኋላ «በመካከሉ የሄደችበትን ዐወቅሁት» አሉ። ቀጥለውም «ከሥሩ ስምህን ጻፍ፤ የሠራ ሰው ስሙ አይጥፋ» ብለው አዘዙት።

እንግዲህ ወጣቶች ጀግና ማድነቃቸው ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ጀግናውን የሣለውን እጅ ያክብሩ፤ ያንኑ የማድነቅ ዐይን ደግሞ በአገራቸው ሸክም ወደ ተሸከሙት ሰዎች ይመልሱት። ወላጆችም ሣጥን ከመቈለፋቸው በፊት «ይህ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።