ሞንታርቦው የማን ነው?

የድሮ ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት የማይቀር ክርክር አለ። «ሰው እንዴት ያንን የመሰለ ባንድ ትቶ ይሄዳል?» የሚል። ዘፋኝ ሲሄድ ብዙም አይገርመንም፤ ዘፋኝ ድሮም እንግዳ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። የሚያንገበግበን የጊታሪስቱ ነገር ነው። ጊታሪስት የባንዱ ምሰሶ ይመስለናላ! ምሰሶ ደግሞ ከቤት ቤት አይዞርም።

ሰላም ስዩም ወልደማርያምን ውሰዱ። ከብላክ ሶል ባንድ ወጥቶ አይቤክስን ተቀላቀለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲጫወት ያጀበው አይቤክስ ነው፤ ጊታሩም የሰላም። ከዚያስ? አይቤክስ በገነነበት ዘመን ስሙ ቀረና ሮሃ ባንድ መጣ፤ ጊታሩን ያው ሰላም፣ ቤዙን ያው ጆቫኒ ሪኮ እንደያዙ። (በነገራችን ላይ ዋልያስ የሚባል ሌላ ባንድም ነበር። አይቤክስም በፈረንጅ አፍ የዋልያ ዘመድ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የዋልያ መንጋ!) ይሄ ሁሉ ሳያንስ ሰውየው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ተማረ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ጻፈ። እንግዲህ ይህንን የሕይወት ጉዞ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚፈታ ካለ ይፍታው። እኛ መቼም መልስ አናጣም፤ ተጣልተው ነው፣ ብር አይቶ ነው፣ ሴት ናት፣ መተት ነው...

እኔ ይህን ክርክር በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት አብርሃ ጅራ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ ምዕራብ አርማጭሆ ሄጄ ሳለሁ ለሽምግልና ተጠራሁ። ወሩ ጥር ነው። እዚያ አገር ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተሽጦ ብር ሰው እጅ የሚገባው ከጥር በፊት ስለሆነ ሠርጉም የሚሞቀው ያን ጊዜ ነው። ከሳሽ የሆቴል ባለቤት፣ ተከሳሽ ጊታር የሚመታ ልጅ።

«ከጎንደር ሳመጣው እጁ ባዶ ነበር» አሉ ባለሆቴሉ። «ጊታሩን የገዛሁ እኔ። ሞንታርቦውን የገዛሁ እኔ። ጀኔሬተሩን በናፍጣ የማበላ እኔ። አሁን በሠርግ ሰሞን ጥሎኝ መተማ ዮሐንስ ይሄዳል?»

ልጁ አቀርቅሮ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ጊታሩን እኮ ትቼላቸዋለሁ። ጣቴንም ልተውላቸው?» አለ።

ሳቅን፤ ባለሆቴሉ ግን አልሳቁም። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ሙቀት፣ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ሙዚቃ ማቆም ቀላል ወጪ አይደለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰሊጥ አምራች ነበሩ። ሰሊጥ ደርሶ በቶሎ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ይረግፋል፤ ገበሬው ልቡ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። «እኔ በአጨዳ መሀል ሠራተኛው ጎረቤት ብር ጨመረ ብሎ ጥሎኝ ሲሄድ ሽማግሌ አልጠራም፣ እኔም እጨምራለሁ» አሉ። ባለሆቴሉም ቀበል አድርገው፣ «ማጭዱን አንተ አልገዛህለትማ!» አሉ።

ነገሩ ሁሉ እዚህች መልስ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ከጎንደር የወረዱ አዝማሪዎች ከሠርግ ሠርግ ሲዞሩ ማንም ከሃዲ አላላቸውም። ማሲንቆው በብብታቸው ነው፤ ናፍጣ አይጠጣ፣ ሞንታርቦ አይፈልግ። ጊታሪስቱ ግን ጣቱ የራሱ፣ ድምፁ የሰው ነው። ልጁ ጥርን አጅቦ በየካቲት እንዲሄድ አስማማን። ሁለቱም እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ «እገሌ ባንዱን ለቀቀ» ሲባል አስቀድሜ የምጠይቀው «መሣሪያው የማን ነበር?» ብዬ ነው። በንጉሡ ዘመን የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ወታደር ነው፤ ጡሩምባውም ዩኒፎርሙም የመንግሥት። እንደዚያ ያለ ሰው «ሌላ ባንድ አማረኝ» ብሎ አይወጣም። በኋላ የግል የምሽት ክበቦች ሲበዙ ባለቤቱ ጊታሩንም፣ ከበሮውንም፣ ማጉያውንም ራሱ ይገዛና ሙዚቀኛ ይቀጥራል። ባንዱ የቤቱ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። የዋልያስ ልጆች ከዚህ ለመውጣት ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ። ከዚያ በኋላ ከሆቴል ጋር እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ባለ ዕቃ ተዋዋሉ፤ ሂልተን ወደ አሥር ዓመት ገደማ ተጫወቱ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ የተጫወቱበት ሌሊት ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሄደ። ከጉዞው በኋላ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚያው ቀሩ። አገር ቤት የተመለሱት እነ ዮሐንስ ተኮላ አዳዲስ ሰዎች ጨምረው በዚያው ስም ቀጠሉ። ታዲያ ማን ነው ማንን ጥሎ የሄደው? ስሙ እዚህ፣ ሰዎቹ እዚያ። የቡና ቤት ዳኞች እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ግርማ በየነ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ራቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ይዞ እስኪመለስ ድረስ። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ነዳ። «ተዋረደ» ያሉ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2013 የ1985 ካሴቱ እንደ ገና ታትሞ የፈረንጁ ዓለም «ይሄ ሰው የት ነበር?» ሲል፣ የነበረው ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ይዞ ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ የታክሲውን ኮፈን ከፍቶ፣ በባትሪ የምትሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ታክሲውም ኪቦርዷም የራሱ ነበሩ።