ሦስት የባሕር ዳርቻዎች

ከኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ ሰው እንግዳው ብዙ ነው። እኔም በ2011 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል በቅድስት ሀገር አክብሬ ስመለስ፣ ዘመዱም ጎረቤቱም እየመጣ ስለ ጎልጎታና ስለ ቅዱስ መቃብሩ ይጠይቀኝ ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው የታናሽ ወንድሜ ልጅ ግን፣ «ጋሼ፣ ባሕሩንስ አይተዋል? ከባሕሩ ዳርቻ ሁሉ የትኛውን ወደዱት?» አለችኝ። ልጅቱ ዕድሜዋ ዐሥር ሲሆን፣ ከቤቴ ገብታ ስትቀመጥ ግን ከሕፃንነቷ ወዲህ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበረ። ስለዚህ ጥያቄዋ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነካው።

ያየኋቸው ዳርቻዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኢዮጴ ነው። ኢዮጴ ዛሬ ያፋ ተብላ ከቴል አቪቭ ጋራ አንድ ከተማ ሆናለች። ጥንታዊው ወደብ ከኮረብታ ሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን አሸዋው እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ይዘረጋል። ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፤ ዋናተኞች ከማዕበሉ ጋራ ይታገላሉ። ማታ ፀሐይ ከውኃው ስትገባ ማየት፣ ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ስትጠልቅ እያየ ላደገ ደገኛ ታላቅ መደነቅ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕር አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያደረው በዚህች ከተማ ነበር። ዮናስም ወደ ተርሴስ ለመሸሽ መርከብ የተሳፈረው ከዚህ ነው። የነነዌን ጾም በየዓመቱ እጾማለሁ፤ ነገር ግን ነቢዩ የሸሸባት ወደብ እንዲህ ያማረች መሆንዋን አስቤ አላውቅም። ከእግዚአብሔር ፊት ለሚሸሽ ሰው መንገዱ መልካም መስሎ ይታየዋል ማለት ነው።

ይህን የምለው እኔም እየሸሸሁ ስለ ነበረ ነው። አባታችን ሲያርፉ ለእኔና ለወንድሜ አንድ ቤት ትተውልን ነበር። ታላቅ ነኝና ኪራዩን የምቀበል እኔ ሆንሁ። አንድ ጊዜ ለእድሳት፣ አንድ ጊዜ ለግብር እያልሁ፣ የወንድሜን ድርሻ ሰባት ዓመት ያዝሁበት። እርሱም ጠይቆ ጠይቆ በመጨረሻ እግሩን ከቤቴ አነሣ። ለመንገድ ስነሣ የንስሐ አባቴ፣ «ልጄ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋራ ታረቅ» ቢሉኝ፣ «ስመለስ ይደርሳል» ብዬ ተሰናበትኋቸው። ለአውሮፕላኑ የከፈልሁትም ገንዘብ ከዚያው ኪራይ ነበር።

ሁለተኛው ዳርቻ የጨው ባሕር፣ ሙት ባሕር የሚባለው ነው። ከሰሙነ ሕማማት በፊት ዮርዳኖስን ተሳልመን ወደዚያ ወረድን። ስፍራው ከባሕር ወለል በታች ወደ 430 ሜትር ዝቅ ያለ ነውና፣ በምድር ላይ በየብስ ከዚህ የሚወርድ ዳርቻ የለም። ጨውነቱም የሌላውን ባሕር ዐሥር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ዋና የማያውቅ ሰው እንኳ በጀርባው ቢተኛ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውኃው ዐይን ሲነካ ያቃጥላል፤ ጥቂት ቁስል ያለበትም ሰው ቁስሉ የት እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል።

ሰባክያን ይህን ባሕር፣ ተቀብሎ የማይሰጥ እያሉ ለንፉግ ሰው ምሳሌ ያደርጉታል። እኔ ግን በዚያ ቆሜ የታዘብሁት ሌላ ነው። መሪያችን ውኃው ቀድሞ ይደርስበት የነበረውን ስፍራ በጣቱ አሳየን፤ አሁን ካለበት እጅግ ሩቅ ነበር። የባሕሩ ወለል በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። የዮርዳኖስና የገባሮቹ ውኃ ከላይ ለመጠጥና ለእርሻ ይወሰዳል፤ በደቡብ በኩልም ማዕድን ለማውጣት ውኃው በገንዳ ተገድቦ ይተናል። ባሕሩ በሸሸበት ስፍራ ምድሪቱ ከውስጥ እየተቦረቦረች ትደረመሳለች። ይህን ስሰማ ያ ባሕር ንፉግ ሳይሆን፣ ድርሻው ከላይ የተያዘበት መስሎ ታየኝ። የያዝሁበትንም ሰው ዐወቅሁት።

ሦስተኛው ዳርቻ የጥብርያዶስ፣ የገሊላ ባሕር ነው። ባሕር ይባል እንጂ ውኃው የሚጠጣ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱም 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከትንሣኤ በኋላ በሰሜን በኩል ወዳለችው ወደ ታብጋ ሄድን፤ ስሟ «ሰባት ምንጮች» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በውኃው አፋፍ ላይ ፍራንሲስካውያን በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥቁር ድንጋይ የሠሩት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውስጡም የጌታ ማዕድ የሚባል አለት ይገኛል። ዳርቻው አጭር ነው፤ ጠጠር እንጂ የተነጠፈ አሸዋ የለውም። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ፍሕም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ሌሊቱን በከንቱ ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርት የጠራው በዚህ እንደ ሆነ ይነገራል። ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስንም ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ነገር ግን አስቀድሞ አበላው፤ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከጓደኞቼ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ወደ ወንድሜ ስልክ ደወልሁ። «የያዝሁብህ ገንዘብ አለ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ዝም አለ። የዘጋው መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን፣ «ጋሼ፣ ከየት ነው የሚደውሉት? የውኃ ድምፅ ይሰማኛል» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ወንድሜ በመጣሁበት ቀን ራሱ አልመጣም፤ ልጁን ላከ። ገንዘቡንም በሽማግሎች ፊት ተማምነን ከፍዬ እስክጨርስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጨረሻውን ስሰጠው ሳይቆጥር ኪሱ ከተተውና ለምሳ ተቀመጠ።

ለልጅቱም እንዲህ አልኋት፤ «ለዐይን የኢዮጴ ይበልጣል፤ ለመደነቅ የጨው ባሕር። እኔ የወደድሁት ግን ያንን ጠጠራማውን ነው»። እናንተም አንባብያን ወደዚያ ለመሄድ ብታስቡ፣ ሦስቱንም እዩ። ነገር ግን የያዛችሁት የሰው ድርሻ ቢኖር፣ ለአውሮፕላኑ ከመክፈላችሁ በፊት ክፈሉት።