ክፍተቱ የት ነው?

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ግድግዳ ምን አገባው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ያገባኛል ባይ ነኝ። የተሰነጠቀ ትምህርት ቤት ዜና ነው፤ ለምን እንደተሰነጠቀ ሳይጠይቁ መጻፍ ደግሞ ወሬ ነው።

ያደግኩት አዊ ዞን፣ ዳንግላ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ የጭቃ ቤት ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ በጭድና በጭቃ ይመረጋል፤ በቃ፣ ማንም አይደነግጥም። የብሎኬት ግንብ ሲሰነጠቅ ግን ሰው ይጣላል።

በሰፈራችን ሕዝቡ አዋጥቶ ያሠራው የመማሪያ ሕንፃ አለ። አምስት ክፍል በአንድ መስመር፣ ርዝመቱ 40 ሜትር ያህል ነው። ዓምድ የለውም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። «ሲሚንቶው ተበልቷል» ተባለ። የኮሚቴ ሰዎች በሐሜት ተሸማቀቁ፤ ወላጆችም ለቀጣዩ ሕንፃ አናዋጣም አሉ። ልጆቹ ዛሬም እዚያው ይማራሉ።

ለዕረፍት ስሄድ አንድ አንጋፋ ግንበኛ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ እውነት ሲሚንቶ አንሶት ነው?»

«ልጄ፣ ሲሚንቶውን እኔ አላየሁም። ይኼን ያህል የረዘመ ግንብ ግን መሐሉ ሳይቆረጥ አይሠራም። ቦታ ካልተዉለት ራሱ ይቆርጣል።»

ይህን «መቁረጥ» መሐንዲሶች ኤክስፓንሽን ጆይንት ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ አገር ደጋ ነው፤ እንጅባራማ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በበጋ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ በሚሊዮን 10 እጅ ያህል ይለጠጣል። ትንሽ ትመስላለች። ግን የ40 ሜትር ግድግዳ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብሎኬት ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ እሺ አይልም፤ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ነው እንግሊዞች በግንብ ሥራ ልምዳቸው ለብሎኬት በየ6 ሜትሩ፣ ለሸክላ ጡብ በየ12 ሜትሩ ግድም ክፍተት የሚተዉት። የአየሩ ጠባይ ስለሚለያይ ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ ሐሳቡ ግን እኛም ጋ ይሠራል።

«የጎንደር ግንቦችስ?» ትሉ ይሆናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመሩት እነዚያ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ከሲሚንቶ ይለሰልሳል፤ ጥቂት እንቅስቃሴ ይችላል።

ሸክም የሚሸከም ግድግዳ ታዲያ እንደልብ አይቆረጥም፤ ከላዩ ጣሪያ አለ። ስለዚህ ክፍተቱ በሁለት ክፍሎች መካከል ይሆንና ሁለት ግድግዳ ጎን ለጎን ይቆማል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጣሪያ ይሸከማል። ክፍተቱ ከመሠረቱ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ መዝለቅ አለበት። ውስጡ በሚለመጥ ነገር ይሞላል እንጂ በሲሚንቶ አይደፈንም። ከደፈኑትማ እንዳልነበረ ነው!

እኛ ጋዜጠኞች ለመሆን የምንማር ልጆች ቢያንስ ስንጥቁን ማየት እንችላለን። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ስፋቱም እኩል የሆነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሙቀት ወይም የመድረቅ ነው። እንደ ደረጃ እየዘለለ ከሄደ ደግሞ መሠረቱ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፣ ከወር በኋላም ተመልሶ ማየት ሳንቲም አያስወጣም። «ተበልቷል» ብሎ ከመጻፍ በፊት ይህን ያህል መድከም የሚከብድ አይመስለኝም። ሌብነት የለም እያልኩ አይደለም፤ ሌባውንም ሆነ ንጹሑን የሚለየው ማስረጃ ነው እንጂ ስንጥቁ ብቻ አይደለም።

የሰፈራችንን ሕንፃ ጉዳይ የሚፈርደው መሐንዲስ ነው። ሌላ ቦታ መሠረት ሊጣል ሕዝብ ሲሰበሰብ ግን «ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ?» ከሚሉት መሐል ተነስቶ «ክፍተቱስ የት ነው?» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ብዙ ብርና ብዙ ጠብ ይተርፋል። ያ ሰው ከኛ ክፍል ቢወጣ ምን አለበት?