ይርጋ የሚሉት ቃል

በአገራችን ሥራውን ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈለው የሥራ አጥነት መድን የለም። እንግሊዝ በ1911 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ መድን ሕጓን ስታወጣ በተወሰኑ የሥራ ዘርፎች ለተሰማሩ ሠራተኞች ይህን ዐይነቱን ድጋፍ ደንግጋለች፤ ዛሬም በዚያ አገር ዘግይቶ ያመለከተ ሰው ያለፈው ጊዜ ታስቦ ይከፈለኝ ሲል የዘገየበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። በእኛ ዘንድ የዚህን ቦታ በመጠኑ የሚሸፍነው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ከፋዩም መንግሥት ሳይሆን አሠሪው ነው። እንግዲህ የእኛ ሠራተኛ ክርክር የሚገጥመው ከመድን መሥሪያ ቤት ጋር ሳይሆን እስከ ትናንት ድረስ ደመወዙን ከሰጠው ሰው ጋር ነው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ይህ ጸሐፊ በሰበታ በመምህርነት ኖሯል። መምህር በሚኖርበት ሰፈር ማመልከቻ መጻፍ ሁለተኛ ሥራው ነው። ከጻፍኋቸው ሁሉ ግን የአንዲት ጎረቤቴን ያህል ያሳሰበኝ የለም። ይህች ሴት ስሙን በማላነሣው አንድ ፋብሪካ፣ በማሸጊያ ክፍል 9 ዓመት አገልግላ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተች። ደመወዟ በቀን ሲታሰብ 100 ብር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ፣ ስንብቱ በቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ ይገባታል። ድምሩ የ170 ቀን፣ ማለትም 17,000 ብር ነው።

ሴትዮዋ ይህን ሒሳብ በጣቷ ቆጥራ ታውቀው ነበር። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጥያቄው የስድስት ወር ዕድሜ ያለው መሆኑን ነው። ሕጉ ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል ይላል። ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ሰውማ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው።

ቃሉ «ረጋ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ወተት ይረጋል፤ ጠብም ይረጋል። ክርክር ለዘለዓለም እንዳይንጠለጠል መርጋቱ መልካም ነው፤ የሚያሳዝነው ግን የሚረጋው በማን ላይ እንደሆነ ሲታይ ነው። አሠሪው ሒሳብ ሹም፣ ነገረ ፈጅ፣ መዝገብ ቤት አለው። ሠራተኛዋ ያላት ይሉኝታ ነው። «ነገ ነይ» ስትባል ትሄዳለች፤ «ፈራሚው የለም» ስትባል ትመለሳለች። 9 ዓመት የበላችበትን ቤት መክሰስ ነውር መስሎ ይታያታል። በዚህ መካከል ቀኑ ይቆጠራል።

የቤት ኪራይ ቢያቅታት ሰበታን ለቅቃ ቡራዩ እኅቷ ዘንድ ገባች። እዚያም ታይፎይድ ይዟት ስድስት ሳምንት ተኛች። ስትድን ሱሉልታ የቀን ሥራ አገኘች። የሦስቱ ከተሞች ስም በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራና በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው አንድ የከተማ አስተዳደር ስለ ተጠቃለሉ ቅርብ ለቅርብ የሚመስለው አይጠፋም። እግረኛው ግን ያውቀዋል። ከሱሉልታ ሰበታ ለመምጣት ወደ አዲሱ ገበያ ወርዶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ በአየር ጤና በኩል መውጣት አለበት። ለአንድ ቀጠሮ አንድ የሥራ ቀን ይጠፋል።

ክሷን ያስገባችው በሐምሌ ወር በስምንተኛው ወር ላይ ነው። ከአንድ የመንገድ ዳር ጸሐፊ ያስጻፈችውን ማመልከቻ አሳይታኛለች። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ልጆቿ ረሀብ፣ ስለ እንባዋና ስለ ፈጣሪ ፍርድ የሚያትት ሲሆን፣ የተሰናበተችበት ቀን እንኳ አልተጠቀሰበትም። ጸሐፊውን አልወቅሰውም። አቤቱታ በእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ምሕረት መለመኛ ነበር፤ ለጌታ የሚቀርብ ቃል ልብን እንዲያራራ እንጂ ቀን እንዲቆጥር አልተሠራም። ነገር ግን አሠሪው በመቃወሚያው ይርጋን ሲያነሣ፣ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ቀን እንጂ እንባ አልነበረም። መቃወሚያውን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ለይግባኝ የ30 ቀን ጊዜ አላት። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ ስለማይከፍል በዚያ በኩል ሥጋት የለም። ወረቀቶቿን በሙሉ አምጪ አልኳት። በፌስታል ጠቅልላ ካመጣቻቸው መካከል በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት የአራት መስመር ደብዳቤ ተገኘ። «የሚገባዎት የስንብት ክፍያ በመሠራት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። ለእሷ ይህ ደብዳቤ ሌላ «ነገ ነይ» ነበር። በሕጉ ዐይን ግን አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው፤ እንዲህ ያለው እምነት ደግሞ ይርጋውን ያቋርጠዋል፤ ቆጠራው እንደገና ከመጋቢት ይጀምራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

የቡራዩውን የሕክምና ማስረጃም አያያዝን፤ ሕጉ ከዐቅም በላይ ከሚላቸው ምክንያቶች አንዱ የሠራተኛው ሕመም ነውና። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ እኔ በአማርኛ ያረቀቅሁትን አንድ ወጣት ባልደረባዬ በአፋን ኦሮሞ አሰናዳው። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ፣ ከእኔ ይልቅ ቋንቋው የራሷ ነውና፣ ሁለት ቦታ አረመችው። የልጆቿ ነገር እንዲገባ እኅቷ አጥብቃ ብትለምንም እሷ እምቢ አለች። «ጋሼ፣ ረሀቡን ይተዉት፤ ቀኑን ብቻ ይጻፉልኝ» አለችኝ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደብዳቤውን ተመልክቶ የይርጋውን ብይን ሻረ፤ መዝገቡም ለፍሬ ነገር ክርክር ተመለሰ። ከሦስት ቀጠሮ በኋላ 17,000 ብሩ እንዲከፈላት ተወሰነ። ገንዘቡ እጇ የገባው በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተሰናበተች በ21ኛው ወር ነው። ሰበታ መጥታ የተቀበለችበት ዕለት የሥራ ቀን ስለ ነበር፣ የሱሉልታው አሠሪዋ የአንድ ቀን ደመወዟን ቆረጠባት።