ወደ ላይ ነው ወደ ታች?

በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን እንግዳ አያጣም። ከጎጃም ይመጣል፤ ከዋሽንግተን ይመጣል፤ አንድ ጊዜማ ከቴል አቪቭ የመጣ የአጎቴ ልጅ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሶፋችን ላይ ከርሟል። እኔ ደግሞ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ለየመጽሔቱ እየጻፍኩ የማድር፣ የቢሮ ሰዓት የማላውቅ ሰው በመሆኔ እንግዳ ማዞር የእኔ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። «እሱ እንደሆነ ሥራ የለው!» ትላለች እናቴ። እንግዲህ በዚህ ሥራ ፈትነት ያካበትኩትን ዕውቀት ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት እንግዳው ሰሜንና ደቡብ የሚባለውን ነገር ቦሌ ላይ ጥሎት ይግባ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ጀምራ ወደ አቃቂ የምትወርድ ተዳፋት ናት፤ ሰዉም መንገድ የሚያመለክተው «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» እያለ ነው። ወደ ላይ የተባለ እንግዳ ታዲያ ቀስ ብሎ ይውጣ። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ «አረጀሁ» ብሎ አይደንግጥ።

የሰፈር ስም ሰምቶ ነገሩን መፈለግም አያዋጣም። «አራት ኪሎ ከዚህ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ብሎ የጠየቀኝ እንግዳ አለ። ሰንጋ ተራ ሰንጋ የለም፤ ያለው የባንክ ፎቅ ነው። ሃያ ሁለት የአውቶቡስ ቁጥር ያስቀረው ስም ነው። ለገሃር ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ሲሉ የወረስነው ቃል ነው፤ ድሬዳዋ የሚሄድ እንግዳ ሻንጣውን ተሸክሞ እዚያ ቢወርድ ግን የሚጠብቀው አሮጌው ሕንፃ ብቻ ነው። ከ2010 ጀምሮ መንገደኛ የሚሳፈረው ከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ካለው ጣቢያ ነው።

ለሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ጆሮ፣ ዝርዝር ብርና «ወራጅ አለ!» የምትል ቃል ይበቃሉ። ጆሮው ረዳቱ የሚጠራውን ለመስማት ነው። «ወራጅ አለ» ደግሞ በለሆሳስ አይባልም። አንድ ዘመዳችን በትሕትና «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ መውረድ እችል ይሆን?» ሲል ሲል መገናኛ ደርሷል። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ይሻላል ትሉ ይሆናል። ይሻላል። ግን ሾፌሩ ካርታውን ከፊቱ ሰቅሎም ቢሆን ደውሎ «ምን አካባቢ ነህ? ምልክቱን ንገረኝ» ማለቱ አይቀርም።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይታዘባችሁም። የአውሮፕላን ትኬት ምንጊዜም በፈረንጅ ነው። 15 ቀን 00:30 የሚል ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነውና ቦሌ መገኘት ያለባችሁ በ14 ማታ ነው። በ15 ማታ ተለቅሶለት ተሸኝቶ፣ የእራቱ ገበታ ሳይነሳ ተመልሶ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

መንገድ ስትጠይቁ ሊስትሮና ባለሱቅ ምረጡ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ሌላው ሰው «አላውቅም» ማለት ነውር ይመስለዋል መሰለኝ፣ ከዝምታ ይሻላል ብሎ ወደ አንዱ አቅጣጫ ይሰዳችኋል። ሦስት ሰው ጠይቃችሁ ሁለቱ በተስማሙበት ሂዱ። «ቅርብ ናት» የሚለውን ግን አትመኑ።

እስካሁን ካዞርኳቸው ሁሉ በጣም የተቸገረችው እዚሁ ተወልዳ ያደገችው አክስቴ ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ከሜሪላንድ የመጣችው ካዛንቺስ ቡና ያጣጧት የነበሩትን ጎረቤቷን ለመጠየቅ ነበር። አድራሻ ስላት «ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ» አለችኝ። ካዛንቺስ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስሙን የወሰደ ሰፈር ነው። በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት መፍረሳቸውን ነግሬያት ነበር። መስማትና ማየት ለየቅል ነው። ሰፊ አስፋልት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ ሣር። ያምራል፤ አልዋሽም። አክስቴ መሐሉ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን አየችና፣ «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ የምሰጠው ምክር ሌላ ነው። ቤት አትፈልጉ፣ ዕድር ፈልጉ። ቤት ቢፈርስም ሞት አይቀርምና፣ ዕድሩ ካልተበተነ ማን የት እንደገባ ጸሐፊው መዝግቦ ይዟል። እኛም ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደን ከቅዳሴ የሚወጡትን እናቶች ስንጠይቅ አራተኛዋ የዕድሩን ጸሐፊ ስልክ ሰጡን። ጎረቤቷ ገላን ጉራ ገብተዋል።

ገላን ጉራ በአቃቂ በኩል ነው፤ ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች። ጠዋት ተነስተን የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። ቡና ተፈላ። ከዚያ ሰፈር እዚህ የገባው፣ ሌላ ቦታ የሄደው፣ ያረፈው፣ አንድ በአንድ ተቆጠረ። በረካው ተጠጥቶ ልንነሳ ስንል አክስቴ፣

«በሚቀጥለው ብቻዬን ነው የምመጣው። ምልክቱን ንገሪኝ» አለች።

«ምልክትማ ገና አላወጣንለትም።»

«የካዛንቺሷ ሴትዮ ብዬ ብጠይቅስ?»

«ኧረ አንቺ! እዚህ ሁሉም የካዛንቺስ ሰው ነው» አሉና የቤቱን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጧት።