ምቱ ቢያስቅም

የጎልፍ ሜዳ ዳር ቆመው አማተሮቹን ይመልከቱልኝ። አንዱ ዱላውን ከማንሳቱ በፊት አሥር ጊዜ ይወዛወዛል፤ ሌላው መትቶ ሲያበቃ በአንድ እግሩ ይሽከረከራል፤ ሦስተኛው፣ ሰው አላየኝም ብሎ፣ ኳሷን በጫማው ገፋ ያደርጋል። የመጨረሻው ያው አጭበርባሪ ነው፤ በሌሎቹ ግን ለመሳቅ አይቸኩሉ።

ደቡብ ኮሪያዊው ቾይ ሆ ሱንግ ጎልፍ የጀመረው በ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ነው፤ የተማረውም ከመጽሔት እያነበበ። መትቶ ሲንገዳገድ መንጠቆ የሚወረውር ስለሚመስል «ዓሣ አጥማጁ» አሉት። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 ጃፓን ውስጥ ካሲዮ ወርልድ ኦፕንን አሸነፈ። አሜሪካዊው ጂም ፉሪክም ዱላውን በአንድ መንገድ አንስቶ በሌላ መንገድ ያወርዳል። ያሠለጠኑት አባቱ ነበሩ፤ «አስተካክል» ብለው አላስጨነቁትም። በ2003 ዩኤስ ኦፕንን ወሰደ፤ በ2016 ደግሞ አንድ ዙር በ58 ምት ብቻ ጨርሶ በፒጂኤ ቱር ከእሱ በፊት ማንም ያልደረሰበትን ውጤት አስመዘገበ።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ኳሷ የምታውቀው ዱላው የነካትን ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ጭፈራ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ የሰው አመታት ካሳቀዎት መጀመሪያ ውጤቱን ይጠይቁት።